ቁንጅናን የሣሉ እጆች፣ የራሳቸው ጓዳ

በየሰፈሩ ባለው የሴቶች ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፉትን ፎቶዎች የማታውቅ እህት የለችም። ወረፋ ስንጠብቅ ዓይናችን እዚያ ላይ ያርፋል፤ ተራችን ሲደርስም ጣታችንን ቀስረን «እንደዚያችኛዋ አድርጊኝ» እንላለን። ያቺ «እንደዚያችኛዋ» ማን እንደሆነች፣ ለዚያ ፀጉር ስንት ሰዓት እንደተቀመጠች፣ ምን እንደተከፈላት ግን ጠይቀን አናውቅም።

በዚህ እትም ልናወጋችሁ የፈለግነው፣ ፎቶግራፍ የመጽሔቱን ገጽ ሙሉ በሙሉ ከመውረሱ በፊት ይህን ሥራ ይሠሩ ስለነበሩ ሰዎች ነው። በአሜሪካ አገር ከ1890 እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ፣ ሴት ልጅ ምን ብትመስል ቆንጆ እንደምትባል የሚወስኑት የመጽሔትና የመጽሐፍ ሠዓሊዎች ነበሩ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሥዕላቸው በየሳምንቱ በየቤቱ ይገባል፤ ልጃገረዶች ቆርጠው መኝታቸው አጠገብ ይለጥፉታል። እኛን ያጓጓን ግን ከሥዕሉ ጀርባ ያለው ነው። እነዚህ ሰዎች ራሳቸው እንዴት አፈቀሩ? ከማን ጋር ጎጆ ወጡ? በብዕራቸው የሣሉት ቁንጅና በገዛ ቤታቸው ምን ሠራ?

የሁሉም አውራ ቻርልስ ዳና ጊብሰን ነበር። በ1867 ማሳቹሴትስ ውስጥ ተወለደ። በብዕርና በጥቁር ቀለም የሚሥላትን ሴት «ላይፍ» በተባለው የቀልድ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ በ1890ዎቹ ማውጣት ሲጀምር ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበር። ሴትዮዋ ረጅም ናት፤ አንገቷ መለሎ፣ ፀጉሯ ወደ ላይ ተቆልሎ የታሰረ፣ ደረቷ ሞላ ያለ፣ ወገቧ ግን በሁለት እጅ የሚታቀፍ። ብስክሌት ትነዳለች፣ ትዋኛለች፣ ወንዶቹንም አገጯን ከፍ አድርጋ ቁልቁል ታያቸዋለች። ሕዝቡ «የጊብሰን ልጃገረድ» አላት። በሸክላ ሳህን፣ በትራስ ልብስ፣ በግድግዳ ወረቀት ላይ ሳይቀር ታተመች። ኮልየርስ የተባለው መጽሔት ለ100 ሥዕሎች 100,000 ዶላር ሊከፍለው መዋዋሉ የዝናውን ልክ ያሳያል።

ኩሩ ሴት በመሣሉ ብዙዎች ያመሰግኑታል፤ እኛም አንነፍገውም። ይሁን እንጂ ያንን ወገብ እሱ በአንድ የብዕር ጭረት ያወጣዋል፤ የምታነብበው ሴት ግን ያንን ለመምሰል ኮርሴት በሚባል፣ ወገብን በገመድ ጥርቅም አድርጎ በሚያስር የውስጥ ልብስ ትንፋሿን ማሳጠር ነበረባት።

በ1895 ጊብሰን የቨርጂኒያዋን አይሪን ላንግሆርንን አገባ። አይሪን በአካባቢዋ በመልኳ የታወቀች፣ አባቷም በባቡር ሐዲድ ሥራ የከበረ ሰው ነበር። ታናሽ እህቷ ናንሲ አስተር ናት፤ በ1919 በእንግሊዝ ፓርላማ ወንበሯን የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት። እስከ ዛሬ ብዙ ሰው «የጊብሰን ልጃገረድ የሣለው ሚስቱን ነው» ይላል። ዓመታቱን ስናሰላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሥዕሉ ቀድሟል። ሰውየው በወረቀት ላይ የሣላትን ሴት የምትመስል አግኝቶ አገባ ማለት ይቀላል። ትዳሩ እስኪሞት ድረስ ለ49 ዓመታት ዘልቋል፤ በዚህ በኩል የምንለው የለንም።

የምንለው ያለን ስለ ሌላዋ ነው። ከጊብሰን ሥዕሎች ሁሉ በጣም ከሚታወቁት አንዱ የአንዲት ወጣት የጎን መልክ ነው፤ ረጅሙ ፀጉሯ ተጠቅልሎ የጥያቄ ምልክት ይሠራል። ሞዴል ሆና የተቀመጠችው ኤቭሊን ነስቢት ነበረች። አባቷ ዕዳ ጥሎ ስለሞተ፣ ለሠዓሊና ለፎቶ አንሺ በመቀመጥ እናቷንና ወንድሟን ታስተዳድር የነበረችው ገና በልጅነቷ ነው። በ16 ዓመቷ ስታንፎርድ ዋይት የተባለው ዝነኛ አርክቴክት አጥምዶ ደፈራት። ኋላ ያገባት ሀብታም ሃሪ ቶው በ1906 ኒውዮርክ ውስጥ በሕዝብ ፊት ዋይትን ተኩሶ ገደለው። ፍርድ ቤት የቆመው ቶው ቢሆንም፣ በየጋዜጣው ገላዋና ገመናዋ የተመረመረው የኤቭሊን ነው። አይሪን አባትና ሀብት ከኋላዋ ነበራት፤ ኤቭሊን ከኋላዋ ማንም አልነበራትም። በሥዕሉ ላይ ግን ሁለቱም ያው የጊብሰን ልጃገረድ ናቸው።

ይህን ካየን በኋላ ብዕሩን ራሳቸው የያዙ ሴቶች እንዴት እንደኖሩ ማየት ፈለግን።

ሮዝ ኦኒል በ1874 ፔንሲልቬንያ ተወለደች፤ ያደገችው ግን ነብራስካ ነው። አባቷ መጻሕፍት ይሸጥ ነበር፤ ቤቱ በመጽሐፍ የተሞላ፣ ኑሮው ግን ከእጅ ወደ አፍ። ሥዕል ማንም አላስተማራትም። በ13 ዓመቷ አንድ የኦማሃ ጋዜጣ ያዘጋጀውን የልጆች የሥዕል ውድድር አሸነፈች። በ19 ዓመቷ ሥዕሎቿን ይዛ ኒውዮርክ ገባችና በአንድ የሴት መነኮሳት ገዳም አረፈች። ወደ አዘጋጆች ቢሮ ስትሄድ መነኮሳቱ አብረዋት ይሄዱ ነበር። ጥቁር ከለበሱ እናቶች ጋር የመጣችን ልጅ የትኛው አዘጋጅ ደፍሮ ያንቋሽሻታል! ሥዕሏም እውነትም የሚያኮራ ነበርና ወዲያው ሥራ አገኘች። በ1896 ያወጣችው ተከታታይ የቀልድ ሥዕል በአሜሪካ በሴት እጅ ተሠርቶ ለኅትመት የበቃ የመጀመሪያው ነው። ቀጥሎ «ፐክ» በተባለው መጽሔት ተቀጠረች፤ በዚያ ቤት ካሉት ሠዓሊዎች መካከል ሴት እሷ ብቻ ነበረች።

በዚያው በ1896 ግሬይ ላታም የተባለውን መልከ መልካም የቨርጂኒያ ልጅ አገባች። ሰውየው ዘናጭ ነው፤ ቁማርና ድግስ ይወዳል። የሚስቱን ደመወዝ ከመጽሔቶቹ ቢሮ እየሄደ ይቀበልና ለራሱ ያጠፋው ነበር። ሮዝ ሌሊት እየሣለች፣ እሱ ቀን እየመነዘረ። ገንዘብ ያዦቹም ያለ አንዳች ጥያቄ ይሰጡታል፤ ባሏ ነዋ! «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት እነዚያም ሰዎች በእንግሊዝኛ የሚያውቁት ይመስላል። የሥዕሏም ፊርማ «ኦኒል ላታም» ሆኖ ነበር፤ ስሙም ገንዘቡም ተጋራ።

እዚህ ላይ ስንደርስ ከመካከላችን ዝም ያለች አልነበረችም። በማኅበራችን የቁጠባ ደብተር በአባሏ በራሷ ስም ብቻ ይሁን፣ ገንዘቡንም ራሷ ቀርባ ትውሰድ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። «በባሌ ላይ እምነት የለኝም ማለት ነው?» ብለው የተቆጡ እህቶች ነበሩ። ከእነዚያ አንዳንዶቹ ዛሬ ይህን ደንብ ለአዲስ አባላት የሚያስረዱልን ናቸው።

ሮዝ በ1901 ላታምን ፈታች። በዚያን ጊዜ መፋታት ለሴት ቀላል ነውር አልነበረም። ወላጆቿ ወደሰፈሩበት ሚዙሪ ሄደች፤ ቦኒብሩክ ብላ በሰየመችው በጫካ ውስጥ ያለ ቤት ተቀመጠች፤ ከዚያ ሆና እየሣለች ወደ ኒውዮርክ በፖስታ ትልካለች። ያን ጊዜ ስም የሌለባቸው የፍቅር ደብዳቤዎች ይደርሷት ጀመር። ጸሐፊው የፐክ አዘጋጅ የነበረው ሃሪ ሊዮን ዊልሰን ሆኖ ተገኘ። በ1902 ተጋቡ፤ እሱ ልቦለድ ሲጽፍ እሷ ሥዕሉን ሠራችለት። ይህኛው ገንዘቧን አልነካም፤ ግን ዝምተኛና ስሜቱ ቶሎ የሚጨልም ሰው ነበር፤ እሷ ደግሞ ሳቅና ጨዋታ ያለ ልክ የምትወድ። በ1907 ተለያዩ። ከዚያ በኋላ አላገባችም።

ሁለት ጊዜ የፈታች ሴት በ33 ዓመቷ ምን ትሥላለች? የፍቅርን አምላክ ኩፒድን ሣለች! ነገር ግን እንደ ወትሮው ቀስት ይዞ ልብ የሚወጋውን አይደለም። ትንንሽ፣ ድንቡሽቡሽ ያሉ፣ ቦርጫም፣ አናታቸው ላይ አንዲት ቁንጮ ያላቸው፣ ጀርባቸው ላይ የምትታይ የማትታይ ክንፍ ያበቀሉ ሕፃናትን ሣለች። «ኪውፒ» አለቻቸው። ኩፒድ ሰውን ችግር ውስጥ ይከታል፣ ኪውፒዎች ግን ሰውን ከችግር ያወጣሉ ትል ነበር። በታኅሣሥ 1909 በአንድ ታላቅ የሴቶች መጽሔት ሲወጡ አገሩ አበደላቸው። ያ ዘመን የጊብሰን ቀጭን ወገብ ዘመን መሆኑን አስታውሱ። ሮዝ ራሷም ለዓመታት የከተማ ወይዛዝርትን ስትሥል ኖራለች። አሁን ግን አገር የወደደላት ሆዱን ገልብጦ የሚስቅ ልጅ ነው። እሷም በራሷ ገላ ላይ እንዲሁ አደረገች፤ ኮርሴቱን ጣለች፣ ሰፋ ያለ ረጅም ቀሚስ ለበሰች፣ ሴቶችም ሰውነታቸውን ከእስር እንዲፈቱ በአደባባይ ተናገረች።

ኪውፒ በአሻንጉሊት መልክ ጀርመን አገር ሲሠራ፣ ሮዝና እህቷ ካሊስታ ሥራውን ለመቆጣጠር ሄዱ። ትልልቆቹ አምረዋል፤ ትንንሾቹ ግን እንደነገሩ ተሠርተው አገኘቻቸው። እንደገና እንዲሠሩ አዘዘች። ድሃ ልጅ የምትገዛው ትንሹን ነው፣ ስለዚህ እሱም ማማር አለበት አለች። ስለ ቁንጅና ከተናገረችው ሁሉ እኛን ደስ ያሰኘን ይኸኛው ነው።

ገንዘቡ ጎረፈ። ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዳገኘች ይጻፋል፤ በዚያ ዘመን ለሴት አይደለም ለወንድ ሠዓሊም የማይታሰብ ነው። የአሻንጉሊቱ መብት በስሟ ነበር። ለሴቶች የመምረጥ መብት ትግል ፖስተር ሣለች፤ ኪውፒዎቿንም ለዚያው አሰለፈቻቸው። ወላጆቿንና ወንድሞቿን አስተዳደረች። በኮኔቲከት ትልቅ ቤት ገዝታ ለመጣ ሠዓሊ፣ ገጣሚና ሙዚቀኛ ሁሉ ክፍት አደረገችው፤ አንዳንዱ ለእራት መጥቶ ወራት ይቀመጣል። ከዚያ የ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት መጣ፤ በመጽሔቶችም ላይ ፎቶግራፍ የሥዕልን ቦታ ወሰደ። ሀብቱ አለቀ። ወደ ቦኒብሩክ ተመልሳ በ1944 ሚዙሪ ውስጥ በድህነት ሞተች። በወጉ ያረጀው ጊብሰንም የሞተው በዚያው ዓመት ነው።

ስለዚህ መጨረሻዋ አልተስማማንም። ግማሾቻችን «ከባል አስጥላ ለእንግዳ በተነችው» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ ልዩነት አለው እንላለን። ላታም ሳይጠይቃት ወሰደ፤ ለእንግዶቿ ግን ራሷ ሰጠች። ይህም ሆኖ ግን ለክፉ ቀን ጥቂት ብታስቀምጥ ምን ነበረበት!

ጥቂት ማስቀመጡን፣ ወጪውንም መካፈሉን ያወቁበት ሌሎች ነበሩ። ፊላደልፊያ ውስጥ ሦስት ሴት ሠዓሊዎች በሃዋርድ ፓይል ትምህርት ቤት ተገናኙ፦ ጄሲ ዊልኮክስ ስሚዝ፣ ኤልዛቤት ሺፐን ግሪን እና ቫዮሌት ኦክሊ። ፓይል በዘመኑ ታላቅ የመጻሕፍት ሠዓሊ ነበር። ሴቶችን በትጋት ያስተማረ ቢሆንም፣ ሴት ካገባች በኋላ ሥዕሏ አለቀለት ብሎ ያምን ነበር። ያላመነውን ነገር ተማሪዎቹ በሕይወታቸው መመለስ ነበረባቸው።

ሦስቱ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ «ቀይ ጽጌረዳ» የሚባል አሮጌ የእንግዳ ማረፊያ በጋራ ተከራዩ። በዚህም «የቀይ ጽጌረዳ ልጆች» ተባሉ። አንዷ ብቻዋን የማትችለውን ኪራይ ሦስቱ ቻሉት። የግሪን ወላጆችና የኦክሊ እናትም አብረዋቸው ገቡ፤ ሽማግሌ መጦር የእነሱም ሸክም ነበርና። ሳይለያዩ አብረው ሊኖሩ ቃል ተግባቡ። ሥራውም ሠመረ። ግሪን ከታዋቂው የሃርፐርስ መጽሔት ጋር ቋሚ ውል ያዘች። ኦክሊ ለፔንሲልቬንያ ግዛት ምክር ቤት ሕንፃ የግድግዳ ሥዕል እንድትሠራ ተመረጠች፤ እንዲህ ያለ ትልቅ የመንግሥት ሥራ ለሴት መስጠት ያልተለመደ ነበር። ስሚዝ ደግሞ ኋላ «ጉድ ሃውስኪፒንግ» ለተባለው መጽሔት ከ1917 መጨረሻ እስከ 1933 በየወሩ ሽፋኑን ሣለች።

የስሚዝ ቁንጅና ከጊብሰን በጣም የራቀ ነው። የምትሥለው እናትና ልጅ፣ የምታነብ ልጅ፣ ገላዋን የምትታጠብ ልጅ ነው። በሙያ ሞዴል የሆኑ ሕፃናትን አትወድም ነበር፤ ሰው ፊት መቆም የለመደ ልጅ ፊቱ ይደርቃል ትላለች። የጓደኞቿን ልጆች አስመጥታ ተረት እያወራችላቸው፣ እነሱ አፋቸውን ከፍተው ሲሰሙ ትሥላቸዋለች። እሷ ራሷ አልወለደችም፣ አላገባችም። ሴት ከትዳርና ከሥራ አንዱን መምረጥ አለባት ባይ ነበረች። በዚህ አንስማማም፤ ከመካከላችን ሁለቱንም የተሸከምን ብዙ ነን። ቢሆንም እሷ ትዳርን የተወችው ከእንጀራዋ ጋር እየመዘነች መሆኑን እንረዳለን። የመረጠችውን ሥራ ይዛ ብዙ የዘመድ ልጆች ረድታለች።

ፍቅር ግን ቤቱን አንኳኳ። ግሪን ሁገር ኤልየት ከተባለ የሥነ ሕንፃ ሰው ጋር ታጨች። ወላጆቿን ጥላ መሄድ አልፈለገችም፤ እሱም ዓመታት ጠበቃት። ወላጆቿ ካረፉ በኋላ በ1911 ተጋቡ፤ ዕድሜዋ 40 ሊሞላ ነበር። ለቀሩት ሴቶች ልብ የሚሰብር ነገር ነበር፤ ቃሉ ፈረሰ። ግሪን ግን ካገባችም በኋላ ብዕሯን አላስቀመጠችም፤ ፓይል ተሳስቷል።

እስካሁን ስሟን ያላነሳናት አንዲት ሴት አለች። ሄንሪየታ ኮዘንስ ሠዓሊ አልነበረችም። በቤቱ ውስጥ ምግቡን የምታስበው፣ ሒሳቡን የምትይዘው፣ የአትክልቱን ቦታ የምታለማው እሷ ነበረች። ሦስቱ ከጠዋት እስከ ማታ መሣል የቻሉት ጓዳውን እሷ ስለያዘችላቸው ነው። ዛሬ በየቤታችን ይህን የምትሠራ ሴት «ሥራሽ ምንድን ነው?» ስትባል «ምንም፣ ቤት ነኝ» ትላለች። እነሱ ግን እንደዚያ አልቆጠሩትም። ቀይ ጽጌረዳው ሲሸጥባቸው በ1906 ወደ ሌላ ቤት ተዛወሩ፤ ለአዲሱ ቤትም ከአራቱ የቤተሰብ ስሞች መነሻ ፊደል ስም አወጡለት። ኮዘንስ፣ ኦክሊ፣ ግሪን፣ ስሚዝ፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ «ኮግስ» ይላል። በመጨረሻው ላይ «መስክ» የሚል ቃል ጨምረው ኮግስሊ አሉት። የመጀመሪያው ፊደል የማትሥለዋ የኮዘንስ ነው።

ግሪን አግብታ ከሄደች በኋላ ስሚዝ ከኮግስሊ ትንሽ ከፍ ብሎ ሌላ ቤት ሠራች፤ ኮዘንስም አብራት ገባች። ያንን ቤት ኮግስሂል ብለው ጠሩት። ግሪን እዚያ አንድም ቀን አልኖረችም፤ ፊደሏ ግን ከስሙ ውስጥ አልወጣም።